በነዳጅ መስመር ላይ የተቀመጠች ቀዳዳ፦ የኢንጂነር ቢያትሪስ ሺሊንግ ሕይወትና ሥራ

የኢንጂነሪንግ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚነሡት ታላላቅ ግድቦችን የገደቡ፣ ረጃጅም ድልድዮችን የዘረጉና አዳዲስ ሞተሮችን የፈለሰፉ ሰዎች ናቸው። ይህ ተገቢ ቢሆንም፣ የሙያው ትልቅነት ሁልጊዜ በሥራው ግዝፈት አይለካም። አንዳንድ ጊዜ በሁለት ጣት የምትያዝ ቁራጭ ብረት በትክክለኛው ቦታ በመቀመጧ የብዙ ሰው ሕይወት ይድናል። የእንግሊዛዊቷ ኢንጂነር ቢያትሪስ ሺሊንግ ስም በሙያው ዓለም እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተዋጊ አውሮፕላኖች የነዳጅ መስመር ላይ ያስገቡት መሀሉ የተበሳ የነሐስ ቁራጭ አብራሪዎችን ከሞት ከመታደጉም በላይ፣ ነዳጅን ከማጠራቀሚያው እስከ ሞተሩ የማድረስ ተግባር ምን ያህል ስሌትና ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ለተከታዩ ትውልድ ያስተማረ ነው።

ቢያትሪስ ሺሊንግ እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1909 በደቡብ እንግሊዝ፣ በሃምፕሻየር ውስጥ በምትገኘው በዋተርሉቪል ተወለዱ። አባታቸው ሥጋ ነጋዴ ነበሩ። ገና በልጅነታቸው በእጃቸው የገባውን ጥቂት ገንዘብ የሚያውሉት ለመሣሪያ መግዣ ነበር። በ14 ዓመታቸው አንድ ሞተር ብስክሌት ገዝተው መንዳት ብቻ ሳይሆን ሞተሩን ፈትቶ መግጠምን ልማዳቸው አደረጉት። በዚያ ዘመን አንዲት ልጃገረድ ኢንጂነር ለመሆን እንደምትሻ ብትናገር የሚሰማት ብዙ አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1919 የሴት ኢንጂነሮች ማኅበር በእንግሊዝ ተቋቁሞ ስለነበር፣ የማኅበሩ አባል የነበሩት ኢንጂነር ማርጋሬት ፓርትሪጅ ወጣቷን ሺሊንግን ለገጠር ከተሞች የኤሌክትሪክ መብራት በሚያስገባው ድርጅታቸው በተለማማጅነት ቀጠሯቸው። ለ3 ዓመታት ያህል ሽቦ ሲዘረጉና ጀኔሬተር ሲተክሉ ከቆዩ በኋላ፣ በአሠሪያቸው አበረታችነት በ1929 ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዩኒቨርሲቲው ኢንጂነሪንግ ለመማር ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷም እርሳቸው ነበሩ። በ1932 በኤሌክትሪክ ኢንጂነሪንግ ተመረቁ፤ በተከታዩም ዓመት በመካኒካል ኢንጂነሪንግ የማስተርስ ዲግሪ አገኙ።

ትምህርታቸውን ያጠናቀቁበት ጊዜ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የበረታበትና ሥራ የጠፋበት ነበር። በመሆኑም በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የምርምር ረዳት ሆነው፣ አየር በመጭመቂያ ተገፍቶ ስለሚገባባቸው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች በሚደረገው ጥናት ተሰማሩ። ይህ ሥራ አንድ መሠረታዊ እውነት አስጨበጣቸው። ሞተር ተጨማሪ አየር ባገኘ ቁጥር ተጨማሪ ነዳጅ ይሻል፤ ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ግን የተገኘው ኃይል ሞተሩን ራሱን መልሶ ያጠፋል። በቤተ ሙከራ የተማሩትንም በእሽቅድምድም ሜዳ ይፈትኑት ነበር። በነሐሴ ወር 1934 እ.ኤ.አ. በብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ በገዛ እጃቸው ያሻሻሉትን ባለ 500 ሲሲ ኖርተን ሞተር ብስክሌት እየነዱ አንዱን ዙር በሰዓት 106 ማይል፣ ማለትም 170 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት በመፈጸማቸው፣ ከ100 ማይል በላይ ለነዱ የሚሰጠውን የወርቅ ኮከብ ተሸለሙ። ይህን ሽልማት በሞተር ብስክሌት ያገኙት ሴቶች ሦስት ብቻ ናቸው። በ1938 ያገቧቸው ጆርጅ ኔይለርም ተመሳሳይ ኮከብ እስኪያገኙ ድረስ ጋብቻው እንዲቆይ ተደርጎ ነበር ይባላል።

በ1936 ሺሊንግ በፋርንቦሮ በሚገኘው የመንግሥት የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ተቀጠሩ። መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ የቴክኒክ መግለጫዎችን ማዘጋጀት ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን ወደ ሞተር ክፍል ተዛውረው የካርቡሬተር ምርምር ኃላፊ ለመሆን በቁ። ጦርነቱ ሲፈነዳ የእንግሊዝ አየር ኃይል ተስፋውን የጣለው በሃሪኬንና በስፒትፋየር አውሮፕላኖች ላይ ነበር። ሁለቱም የሚበሩት በሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር ነው። ይህ ሞተር እጅግ የተመሰገነ ቢሆንም አንድ አደገኛ ጉድለት ነበረበት፤ ይኸውም አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ድንገት ደፍቶ ወደ ታች ለመወርወር ሲሞክር ሞተሩ ይታፈናል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። የጀርመኑ መሰርሽሚት 109 አውሮፕላን ግን ነዳጁ በፓምፕ ተገፍቶ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ በመሆኑ ይህ ችግር አይነካውም ነበር። ስለዚህ ጀርመናዊው አብራሪ ሲባረር አፍንጫውን ደፍቶ ያመልጣል፤ ከኋላው ሌላ ጠላት ሲመጣበትም እንግሊዛዊው በዚያው መንገድ ማምለጥ አይችልም። እንግሊዛውያኑ አብራሪዎች በዘዴነት የያዙት አውሮፕላኑን መጀመሪያ በጀርባው ገልብጦ ከዚያ መወርወር ነበር፤ ይህ ግን በውጊያ ላይ ውድ የሆኑ ሰከንዶችን ይበላል።

የጉድለቱ ምክንያት በካርቡሬተሩ አሠራር ውስጥ የተሰወረ ነበር። ሮልስ ሮይስ ካርቡሬተርን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቤንዚኑ ከመጭመቂያው በፊት ከአየሩ ጋር ሲቀላቀልና ሲተን ድብልቁን ስለሚያቀዘቅዘው አየሩ ይበልጥ ይጠቅጠቃል፣ ኃይልም ይጨምራል። ነገር ግን በካርቡሬተሩ ውስጥ የነዳጁን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ ሥራውን የሚሠራው የመሬት ስበት ወደ ታች ሲስብ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ድንገት ሲደፋ ነዳጁ ወደ ካርቡሬተሩ ጣሪያ ይወረወርና ከታች ያሉት መመጠኛ ቀዳዳዎች ለቅጽበት ባዶ ይሆናሉ፤ ሞተሩም ነዳጅ አጥቶ ይንተባተባል። ከዚህ የከፋው የሚከተለው ነው። ተንሳፋፊው ነዳጅ የጎደለ መስሎ የመግቢያውን መርፌ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። የነዳጅ ፓምፖቹ ሞተሩ ከሚፈልገው እጅግ የበለጠ መስጠት ስለሚችሉ፣ በዚህ ጊዜ ያላቸውን ሁሉ ያንዶለዱላሉ። ካርቡሬተሩ ይጥለቀለቃል፣ ድብልቁ ከመጠን በላይ በነዳጅ ይወፍራል፣ ሞተሩም ጥቁር ጭስ እየተፋ ይታፈናል።

ችግሩን በመሠረቱ ለማስወገድ አዲስ ካርቡሬተር መንደፍና ማምረት ያስፈልግ ነበር። ይህ ግን ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሲሆን፣ አብራሪዎቹ በየቀኑ ይሞቱ ነበር። ሺሊንግ ከሁለቱ ሕመሞች የሚከፋው የትኛው እንደሆነ ለይተው አወቁ። ነዳጅ ለቅጽበት መቋረጡን ሞተሩ ይችለዋል፤ የሚገድለው ጎርፉ ነው። ጎርፉ ደግሞ የሚመጣው ፓምፖቹ ያላንዳች ገደብ እንዲሰጡ በመተዋቸው ነው። ስለዚህ መርሊን ሞተር በከፍተኛ ኃይሉ ሲሠራ የሚፈልገው የነዳጅ መጠን በትክክል ተሰልቶ፣ ያንኑ ያህል ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት አነስተኛ የነሐስ ክፍል በነዳጁ መስመር ላይ እንድትገባ አደረጉ። መጀመሪያ እንደ ጣት መሸፈኛ ቅርጽ የነበራት ስትሆን፣ በኋላ እንደ ተራ ሮንዴላ ጠፍጣፋ ሆና ተሠራች። ቀዳዳዋ ብትጠብ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ጊዜ ይራባል፤ ብትሰፋ ጎርፉ ይመለሳል። የብልኃቱ ዋጋም ያለው በዚህች ልክ ላይ ነበር።

የዚህች ክፍል ሌላው ጥቅም ካርቡሬተሩን ማውረድም ሆነ አውሮፕላኑን ወደ ፋብሪካ መመለስ ሳያስፈልግ፣ እዚያው በጦር ሰፈሩ መገጠም መቻሏ ነበር። ከማርች 1941 ጀምሮ ሺሊንግ አነስተኛ ቡድን እየመሩ በተዋጊ አውሮፕላን ጣቢያዎች በመዘዋወር ሥራውን አስፈጸሙ። አብራሪዎቹም ክፍሏን በሚስ ሺሊንግ ስም ጠሯት። መፍትሔው ፍጹም አልነበረም፤ ለረጅም ጊዜ ተገልብጦ መብረር አሁንም አይቻልም ነበር። ሆኖም ተንሳፋፊ የሌለባቸውና በግፊት የሚሠሩ ካርቡሬተሮች እስኪደርሱ ድረስ አብራሪዎቹ ሞተሩ ይከዳናል ብለው ሳይሰጉ አፍንጫ እንዲደፉ አስችሏቸዋል።

ያ ዘመን በኢትዮጵያም ታላቅ ለውጥ የታየበት ነበር። ክፍሏ በእንግሊዝ ጣቢያዎች መገጠም በጀመረችበት በ1933 ዓ.ም. የጸደይ ወቅት፣ በዚሁ በመርሊን ሞተር የሚበሩ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ሃሪኬኖች የፋሺስት ኢጣልያን ጦር ከምሥራቅ አፍሪካ ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ ተካፋይ ነበሩ። ዘመቻውም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ከፍጻሜው ተቃረበ።

ከጦርነቱ በኋላ ሺሊንግ የብሪታንያ መንግሥት የክብር ኒሻን የተሰጣቸው ሲሆን፣ በፋርንቦሮ እስከ 1969 ድረስ በማገልገል በሮኬትና እርጥብ በሆነ የማረፊያ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ፍሬን ሲይዝ በሚገጥሙት ችግሮች ላይ ምርምር አካሄዱ። ይህን ያህል ቢሠሩም ሴት በመሆናቸው ከወንድ ባልደረቦቻቸው እኩል የማዕረግ እድገት አላገኙም። በትርፍ ጊዜያቸው ከባለቤታቸው ጋር በቤታቸው ጋራዥ መኪናዎችን እያሻሻሉ ይወዳደሩ ነበር፤ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት በተባለች አነስተኛ የእሽቅድምድም መኪና ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። በ1967 ደግሞ የአሜሪካዊው ተወዳዳሪ የዳን ገርኒ ኢግል መኪና ሞተሯ ከመጠን በላይ እየጋለ ሲያስቸግር ምክራቸው ተጠይቆ ነበር።

ሺሊንግ የመረመሩት ችግር ለተዋጊ አውሮፕላን ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚጓዝ መኪና ሁሉ ከዚሁ የአየርና የነዳጅ ሚዛን ጋር ይታገላል። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር በዚህ ከፍታ ነዳጅ ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ባለቤቱ በዚህ ምክንያት ነዳጁን ካስቀነሰ በኋላ ኃይል ለመጨመር ሲል ቱርቦ ቢያስገጥም ደግሞ፣ ቱርቦው የጎደለውን አየር መልሶ ስለሚያመጣ ድብልቁ በነዳጅ ይሳሳል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑም እስከ መቅለጥ ይደርሳል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ ትልቅ ፓምፕ መግዛት ነው። ይህ ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ለምሳሌ 150 ኪሎ ዋት እንዲሰጥ የታሰበ ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት በሰዓት 0.33 ኪሎ ግራም ቢፈጅ፣ በሙሉ ኃይሉ በሰዓት 50 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 67 ሊትር ያህል ይፈልጋል። አንድ አምስተኛ መጠባበቂያ ሲጨመርበት ፓምፑ በሰዓት 80 ሊትር መስጠት አለበት፤ ይህንንም መስጠት ያለበት ባዶ ባልዲ ውስጥ ሳይሆን በሚሠራበት ግፊትና በመኪናው ላይ በሚደርሰው የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ነው። ቧንቧው ይህን መጠን ሳያንቅ የሚያሳልፍ፣ ከጭስ ማውጫው የራቀና ቤንዚን የማይበላው ሊሆን ይገባል። ፊልትሮው አይጠብበትም፤ ትርፉ ነዳጅም በግፊት መቆጣጠሪያው በኩል ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት መስመር ያሻዋል። በዳገትና በመታጠፊያ ነዳጁ ከመሳቢያው እንዳይሸሽ ማጠራቀሚያው በውስጡ ግድግዳ ሊሠራለት ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ነዳጅ ለሚረጭ ሞተር የተሠራ፣ 3 ባር ያህል ግፊት የሚሰጥ ፓምፕ ከተራ ካርቡሬተር ጋር ማገናኘት ነው። የካርቡሬተር መርፌ የሚችለው ከግማሽ ባር በታች የሆነ ግፊት ነው። ፓምፑ መርፌውን አሸንፎ ሲገባ የሚሆነው በመርሊን ሞተር የሆነው ነው፤ ጎርፍ። በተዋጊው አውሮፕላን ላይ ጎርፉ ሞተር ያጠፋ ነበር፤ በመኪና ላይ ግን የፈሰሰው ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ሲንጠባጠብ እሳት ሊያስነሣና የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ለፓምፕ ኃይል መስጠት ቀላል ነው፤ ያንን ኃይል በልኩ መግታት ግን ስሌት ይጠይቃል።

ቢያትሪስ ሺሊንግ ጡረታ ከወጡ በኋላ የሰሪ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1990 በ81 ዓመታቸው አረፉ። የመርሊን ሞተር ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ ተንሳፋፊ ያለበት ካርቡሬተርም ከአዳዲስ መኪናዎች ጠፍቷል። ከሺሊንግ ሥራ ያልጠፋው ዘዴው ነው። በአንድ መሣሪያ ውስጥ ሁለት ሕመም ሲገኝ ገዳዩን ከቀላሉ ለዩ፤ ፍጹም የሆነው መፍትሔ እስኪመጣ ሰው እንዳይሞት በእጃቸው ያለውን ሠሩ፤ የሠሩትንም በጦር ሰፈሩ ተገኝተው ራሳቸው አስገጠሙ። ጠረጴዛና ጋራዥ፣ ስሌትና መፍቻ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ሙያው ምን ያህል እንደሚከበር የእርሳቸው ሕይወት በቂ ምስክር ነው።