ዘቢዳና የመካ ውሃ

የባግዳድን ከተማ የቆረቆሩት የከሊፋ አል መንሱር የልጅ ልጅ፣ ከ786 እስከ 809 እ.ኤ.አ. የገዙት የከሊፋ ሃሩን አል ረሺድም ባለቤት የነበሩት ዘቢዳ በምቾት ያደጉ ወይዘሮ ነበሩ። ይሁን እንጂ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ስለ ውሃ ነው።

ወደ መካ የሚጓዘው ምእመን በጥም ይሠቃይ ነበርና፣ ከኩፋ እስከ መካ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የበረሃ መንገድ ላይ በገንዘባቸው የውሃ ጉድጓዶችን አስቆፈሩ፤ ማጠራቀሚያዎችንና ማረፊያዎችን አሠሩ። ከመካ በስተምሥራቅ ካለው ከኑዕማን ሸለቆም የድንጋይ ቦይ አስዘረጉ። ውሃው የመሬቱን ተዳፋት ብቻ ተከትሎ ወደ ዐረፋትና ወደ መካ ይወርድ ነበር፤ በየርቀቱ የተተዉት መውረጃ ጉድጓዶችም ቦዩን ለመጥረግ ያገለግሉ ነበር።

ልጃቸው አል አሚን በ813 እ.ኤ.አ. በእርስ በርስ ጦርነት ተገደሉ፤ እሳቸውም በ831 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። አያታቸው የሠሩት ክብ ከተማ ዛሬ ዱካው የለም። ቦዩ ግን በየዘመኑ እየተደፈነ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት የኦቶማን ልዕልት ሚህሪማህን የመሰሉ ለጋሾች እያስጠገኑት፣ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ሕዝብ አጠጥቷል። ለእኛ ለመሐንዲሶች ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በጎ ሥራ የሚዘልቀው ከሠሪው በኋላ ጠጋኝ ሲያገኝ ነው።