ሹካው ሦስት ጊዜ የተሰበረበት ብስክሌተኛ

ስለ ታላላቅ ስፖርተኞች ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ዋንጫ የበሉትን ነው። ዛሬ ግን የምናቀርብላችሁ ቱር ደ ፍራንስን አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ስሙ ሲነሳ የሚኖረውን የፈረንሳዩን ዩዤን ክሪስቶፍን ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪስቶፍ በ1885 ፓሪስ አጠገብ ማላኮፍ በምትባል ከተማ ተወለደ። ብስክሌት እንጀራው ከመሆኑ በፊት ቁልፍ ሠሪ ነበር። ይህችን ልብ እንበላት፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

በ1910 የሚላን ሳን ሬሞ ውድድር በበረዶ ውርጅብኝ ተካሄደ። ክሪስቶፍ ከ12 ሰዓት በላይ ጋልቦ አንደኛ ወጣ፤ ብርዱ ግን ሆስፒታል አስተኛው። በ1912 ቱር ሁለተኛ ሆነ። ያኔ አሸናፊ የሚለየው በነጥብ ነበር። በ1913 እንደገና በሰዓት መለየት ሲጀመር ተስፋው ለመለመ።

ታዲያ ምን ይሆናል? በፒሬኔ ተራሮች፣ ከቱርማሌ ቁልቁል ሲወርድ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተሰበረ። ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጉዞ ሴንት ማሪ ደ ካምፓን ከምትባል መንደር ደረሰ፤ አንጥረኛ ቤትም አገኘ። ደንቡ ግን ተወዳዳሪው ራሱ ይጠግን እንጂ ሰው አይርዳው ይላል። ዳኞቹ ቆመው እያዩት ብረቱን አግሎ፣ ቀጥቅጦ ሠራው። የድሮ ሙያው አወጣው። ሆኖም እጁ በሥራ ተይዞ ሳለ አንድ ትንሽ ልጅ ወናፉን ነፋለት። ለዚህችው 10 ደቂቃ ተቀጣ፤ ኋላ ወደ 3 ዝቅ ተደረገለት። ወደ 4 ሰዓት ገደማ ባክኖበት እንኳ አላቋረጠም፤ 7ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919፣ መሪውን ከሩቅ ለመለየት ቢጫ ማልያ ሲወጣ ግረኖብል ላይ መጀመሪያ የለበሰው ክሪስቶፍ ነው። ፓሪስ ሊገቡ ትንሽ ሲቀር ቫለንሲየን ላይ ሹካው ዳግመኛ ተሰበረ! እሱ ሲጠግን ቤልጂጉ ፊርመን ላምቦ ቀደመው፤ ክሪስቶፍ 3ኛ ወጣ። ያዘነለት ሕዝብ ያዋጣው ገንዘብ ግን ከአሸናፊው ሽልማት በለጠ። በ1922 ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበረበት። የመጨረሻ ቱሩን በ1925፣ በ40 ዓመቱ ጋለበ። ያረፈው በ1970 ነው።

እኛ አዘጋጆቹ በዚያች ቅጣት ላይ ተከራክረናል። ግማሾቻችን ደንብ ደንብ ነው፣ ዛሬ ልጁ ቢታለፍ ነገ አሥር ሰው ያግዛል አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ብረቱን የቀጠቀጠው እሱ ራሱ አይደል ወይ፣ የወናፉ ምን ይጎዳል አልን። እኛም እኮ ነገ የተማሪ ወረቀት ስናርም ይኸው ጥያቄ ይገጥመናል፤ ሥራው የራሱ ሆኖ ጥቂት እጅ የገባበት ልጅ ስንት ይሰጠው? የተስማማነው በአንድ ነገር ነው። ዳኞቹ ደንቡን ሳይሽሩ ፍርዳቸውን መልሰው ማየታቸው አላሳነሳቸውም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?