የሮበርት ባደን ፓወል ሕይወትና የስካውት ማዕረግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው ሁሉ መሾምንና መሸለምን ይወዳል። ተማሪው የምስክር ወረቀት፣ ወታደሩ በትከሻው ላይ ኮከብ፣ ሠራተኛው የደረጃ ዕድገት ይመኛል። ምኞቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ማዕረግ የሚሰጠው ለምንድን ነው? የተቀበለው ሰውስ ከዚያ በኋላ ምን ዕዳ አለበት? ይህን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የስካውትን እንቅስቃሴ የመሠረተውንና በብዙ አገር ያሉ ልጆችን የማዕረግ ምልክት ያስለበሰውን የሮበርት ባደን ፓወልን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ትውልድና ልጅነት

ሮበርት ባደን ፓወል ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1857 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቄስ ሲሆኑ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። ልጁ ገና ሦስት ዓመት ሲሆነው አባቱ በሞት ስለ ተለዩ፣ እናቱ ሄንሪየታ ግሬስ ቤቱን በብርታት ይዘው ልጆቻቸውን አሳደጉ።

ቻርተርሃውስ በተባለው ትምህርት ቤት ሲማር በቀለም ትምህርቱ እምብዛም የሚደነቅ አልነበረም። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ተማሪ እንዳይገባበት የተከለከለ ጫካ ነበር። ሮበርት እየተደበቀ ይገባና ጥንቸል ያጠምዳል፤ መምህራኑ እንዳያዩትም ጭሱ የማይታይ ትንሽ እሳት አንድዶ ጠብሶ ይበላል። በእግር ጣቱ መሄድን፣ ዱካ መከተልን፣ ዝም ብሎ መመልከትን የተማረው በዚያ ጫካ ነው። ኦክስፎርድ ለመግባት ቢሞክርም አልተሳካለትም። ይሁን እንጂ ለጦር መኮንንነት የሚሰጠውን ፈተና በከፍተኛ ውጤት አልፎ በ1876 ወደ ህንድ ተላከ። ኋላ ለዓለም ልጆች ፈተና ያወጣው ሰው እርሱ ራሱ በአንዱ ፈተና ወድቆ በሌላው ያለፈ ሰው ነበር።

የመጀመሪያው ምልክት

ባደን ፓወል በጦር ሠራዊት ውስጥ ይበልጥ የወደደው የቃፊርን ሥራ ነው። ቃፊር ከጦሩ ፊት ቀድሞ እየሄደ መንገድ የሚሰልል፣ ጠላት ያለበትን የሚያጣራ፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን የሚሠራ ወታደር ነው። እንዲህ ያለው ሰው አለቃውን ሳይጠብቅ በራሱ ማሰብ አለበት። በ1897 በህንድ የአንድ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ሆኖ በተሾመ ጊዜ ወታደሮቹን በትንንሽ ቡድን እየከፈለ ይህን ሙያ ያስተምራቸው ጀመር። ትምህርቱን ጨርሶ ፈተናውን ላለፈ ወታደር ልዩ ምልክት ይሰጠው ነበር። ምልክቱ በኮምፓስ ላይ ሰሜንን የሚያሳየው የአበባ ቅርጽ ያለው ቀስት ነው። ቃፊር ለሌላው መንገድ የሚያሳይ ስለሆነ ምልክቱ ለሥራው የተስማማ ነበር። ዛሬ በየአገሩ በስካውቶች ልብስ ላይ የምናየው አበባ መሰል ምልክት መነሻው ይኸው ነው።

በ1899 ለወታደሮች የሚሆን የቃፊርነት መምሪያ መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዞችና በቦዌሮች መካከል ጦርነት ተነሣ፤ ባደን ፓወልም ማፈኪንግ በተባለች ትንሽ ከተማ ከኦክቶበር 1899 እስከ ሜይ 17 ቀን 1900 ድረስ ለ217 ቀናት ተከበበ። በከበባው ጊዜ የከተማዋ ነጭ ነዋሪዎች ልጆች በአንድ የጦር መኮንን ተደራጅተው መልእክት ያደርሱ ነበር። መጀመሪያ በአህያ፣ አህዮቹ ለምግብ ካለቁ በኋላም በብስክሌት ይላላኩ ነበር። ባደን ፓወል ልጅ ኃላፊነት ከተሰጠውና ከታመነ እንደ ትልቅ ሰው መሥራት እንደሚችል ያየው በዚህ ጊዜ ነው። ከበባው ሲሰበር በአገሩ ስሙ ገነነ፤ በ43 ዓመቱም ሜጀር ጄኔራል ሆነ።

ሊሸፈን የማይገባው

እዚህ ላይ እኛ የአፍሪካ ልጆች ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። ባደን ፓወል አፍሪካን ለመግዛት የመጣ የቅኝ ገዥ ጦር መኮንን ነበር። በ1896 ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር የማታቤሌ ሰዎች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሡ ጊዜ፣ ኡዊኒ የተባለ የአገሬው አለቃ ተማርኮ ሳለ በችኮላ በተሰየመ የጦር ችሎት አስፈርዶ በጥይት አስገድሎታል። ስለዚህ ነገር ምርመራ ቢደረግበትም አለቆቹ ነፃ አድርገው አሰናበቱት። ይህ የሆነው አባቶቻችን በዓድዋ ድል ባደረጉበት በዚያው ዓመት መሆኑን ልብ እንበል። በማፈኪንግም ቢሆን ከተማዪቱን በመጠበቅ ከነጮቹ ጋር የተካፈሉት ጥቁር ነዋሪዎች ለነጮቹ ከተሰፈረው ያነሰ ቀለብ እንደ ተሰፈረላቸውና ብዙዎች በረኀብ እንዳለቁ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። በ2020 በእንግሊዝ አገር በፑል ከተማ የቆመለት ሐውልት ይነሣ አይነሣ የሚል ክርክር የተነሣውም እንዲህ ባሉ ነገሮች ምክንያት ነው።

ይህን የምንጽፈው ሰውዬውን ለመኰነን አይደለም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነውና። ነገር ግን በደረቱ ላይ ብዙ ሜዳልያ የነበረው ሰው እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ውስጥ እንደሚገኝ ካላወቅን፣ ስለ ምልክትና ስለ ማዕረግ የምንማረው ትምህርት ጎደሎ ይሆናል።

የብራውንሲ ደሴት

ባደን ፓወል በ1903 ወደ አገሩ ሲመለስ ለወታደሮች የጻፈውን መጽሐፍ መምህራንና ልጆች እየተጠቀሙበት አገኘ። ስለዚህ ጦርነቱን ትቶ ሙያውን ብቻ ለልጆች ለማዋል አሰበ። በኦገስት 1907 ብራውንሲ በተባለች ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆችን ሰብስቦ ለአንድ ሳምንት ያህል በድንኳን አሰፈራቸው። ከእነርሱ ገሚሶቹ በውድ ትምህርት ቤት የሚማሩ የሀብታም ልጆች፣ ገሚሶቹ ደግሞ ከአካባቢው ከተሞች የመጡ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያሉ ልጆች አብረው አይውሉም ነበር። እርሱ ግን ቀላቅሎ ተኩላ፣ ቁራ፣ ኮርማና ከርሉ የተባለ የውሃ ወፍ በሚል ስም በአራት ቡድን መደባቸው።

ልጆቹ ሲገቡ የአበባ ቅርጽ ያለው የናስ ምልክት ተሰጣቸው። ገመድ መቋጠር፣ ዱካ መከተልና የሰንደቅ ዓላማን ነገር ተፈትነው ሲያልፉ ደግሞ ዝግጁ ሁን የሚለው መሪ ቃል የተጻፈበት ሁለተኛ ናስ ተጨመረላቸው። የሀብታሙ ልጅ በአባቱ ስም፣ የድሀውም ልጅ በድህነቱ ምክንያት አልተለየም፤ ቋጠሮውን ያወቀ አገኘ፤ ያላወቀም እስኪያውቅ ቆየ።

ማዕረጎቹ ምን ይጠይቁ ነበር?

በ1908 ባደን ፓወል ለልጆች የጻፈው የስካውት መጽሐፍ በየአሥራ አምስት ቀኑ በስድስት ክፍል እየታተመ ወጣ። ልጆቹ መጽሐፉን እየገዙ ማንም ሳያዛቸው በየሰፈራቸው ቡድን አቋቋሙ። በመጽሐፉ ውስጥ የተወሰኑት ማዕረጎች ሦስት ናቸው። እነርሱም ጀማሪ፣ ሁለተኛ ደረጃና አንደኛ ደረጃ ይባላሉ።

ጀማሪው የስካውትን ሕግ አውቆ ለእግዚአብሔርና ለንጉሡ ታማኝ ሊሆን፣ ሁልጊዜም ሰውን ሊረዳ ቃል ይገባል። ሁለተኛ ደረጃ ለማግኘት በጀማሪነት አንድ ወር መቆየት፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ማወቅ፣ አንድ ማይል በ12 ደቂቃ መሄድ፣ ከሁለት ክብሪት በላይ ሳይጭር እሳት ማንደድ፣ ጥቂት ሥጋና ሁለት ድንች መቀቀል፣ አሥራ ስድስቱን የኮምፓስ አቅጣጫዎች ማወቅ፣ በባንክም ቢያንስ ስድስት ፔንስ ማጠራቀም ያስፈልገው ነበር። አንደኛ ደረጃ የሚፈልገው ደግሞ 50 ያርድ ይዋኛል፤ ሰባት ማይል ሄዶ ተመልሶ ያየውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ካርታ ያነባል፤ በዓይኑ ርቀት ይገምታል፤ ሰው በውሃ ሲሰጥም ወይም በእሳት ሲያዝ እንዴት እንደሚያድነው ያስረዳል።

ከነዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የመጨረሻ ነገር ይጠየቅ ነበር። ለአንደኛ ደረጃ የሚፈተነው ልጅ ራሱ ያሠለጠነውን አንድ ጀማሪ ይዞ መቅረብ አለበት። ቢዋኝም፣ ካርታ ቢያነብም፣ ሰባት ማይል ቢሄድም ሌላ ልጅ አስተምሮ ካላመጣ ማዕረጉን አያገኝም። የእርሱ መሰላል የሚያልቀው ሌላው የመጀመሪያውን ደረጃ ሲወጣ ነው።

በምልክቱም ላይ አንድ ትንሽ ነገር አለች። መሪ ቃሉ የተጻፈበት ጥቅል ወረቀት መሰል ቅርጽ ጫፎቹ እንደሚስቅ አፍ ወደ ላይ የታጠፉ ሲሆኑ፣ ከሥሩ አንዲት ቋጠሮ ተንጠልጥላለች። ስካውቱ በየቀኑ ለአንድ ሰው በጎ ነገር ማድረግ እንዳለበት ታስታውሰዋለች። የምልክቱ ባለቤት ዛሬ ምን ሠራህ ተብሎ በምልክቱ ይጠየቃል ማለት ነው።

ከ1909 ጀምሮ ከእነዚህ በላይ የንጉሥ ስካውት የሚባል ማዕረግና የልዩ ልዩ ሙያ ምልክቶች ተጨመሩ። ምልክቶቹ ሲበዙ ግን ልጆች ክንዳቸውን ለማስጌጥ ብቻ ይሯሯጡ ጀመር። ባደን ፓወልም ለመሪዎች በጻፈው መምሪያ ይህን አጥብቆ ነቀፈ። በእርሱ አስተያየት ምልክት የሚሰጠው ልጁን ለማበረታታት ነው፤ የሚመዘነውም ልጁ ከሌላው በመብለጡ ሳይሆን በደከመው ድካም ልክ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

በ1910 ከጦር ሠራዊት ጡረታ ወጥቶ ቀሪውን ዕድሜውን ለስካውት ሰጠ። በዚሁ ዓመት ከእኅቱ ከአግነስ ጋር የሴት ልጆችን ማኅበር አቋቋመ፤ በ1912 ኦላቭ የተባለችውን ወጣት አገባ። በ1919 ለመሪዎች በተከፈተው ኮርስ ትምህርቱን ለጨረሱት የሰጣቸው ምልክት ከዙሉ አገር ካመጣው የአንገት ጌጥ የተወሰዱ ሁለት የእንጨት ዶቃዎች ነበሩ። የጄኔራሎችን ሜዳልያ ያየው ሰው ለመምህራን የመረጠው ሽልማት የእንጨት ፍሬ መሆኑ ያስገርማል። በ1920 በለንደን የመጀመሪያው የዓለም ስካውቶች ጉባኤ ሲደረግ የዓለም ስካውቶች አለቃ ተባለ። እንቅስቃሴው በአገራችንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በትምህርት ቤቶች ይታወቅ ነበር።

በ1938 ወደ ኬንያ መጥቶ የኬንያ ተራራ በሚታይበት በኒዬሪ ከተማ በትንሽ ቤት ተቀመጠ። ጃንዋሪ 8 ቀን 1941 ዐረፈ፤ የተቀበረውም በዚያው ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ በመካከሉ ነጥብ ያለበት ክብ ተቀርጿል። ይህም ስካውቶች በጫካ መንገድ ላይ የሚተዉት ምልክት ሲሆን ትርጓሜው ወደ ቤት ተመልሻለሁ ማለት ነው።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ምልክት ከሥራ በኋላ ይመጣል እንጂ ከሥራ በፊት አይመጣም። የማን ልጅ ነህ ተብሎ ሳይሆን ምን ታውቃለህ፣ ምን ትሠራለህ ተብሎ የሚሰጥ ማዕረግ ድሀውንና ሀብታሙን በአንድ ድንኳን ያሳድራል።

ሁለተኛ፣ ምልክት የልብን ነውር አይሸፍንም። ባደን ፓወል ለልጆች ያወጣው ሕግ እርሱ በማታቤሌ አገር ከሠራው ሥራ ይበልጣል። ሕጉን እንወስዳለን፤ ሥራውን ግን አንከተልም። ክርስቲያንም እንዲሁ በአንገቱ ያሰረው ማዕተብ ምስክር እንዲሆንለት እንጂ ምስክር እንዳይሆንበት ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ሦስተኛና ዋናው፣ ሌላውን ሳያነሣ ከፍ ያለ የለም። ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ቀድሞ የገባው ተማሪ ጀማሪውን ፊደል ያስቆጥራል፤ ዳዊት የደገመውም ንባብ ላልጸናለት ያስጠናል። የኔታ ብቻቸውን ያን ሁሉ ተማሪ ማስተማር የሚችሉት በዚህ ሥርዓት ነው። ጌታችንም የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበ ጊዜ ታላቅነት ወደ ታች ዝቅ ብሎ የሚያገለግል መሆኑን በሥራ አሳይቶናል።

እኛ ግን ዛሬ በየኮርሱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት እንቀበላለን፤ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ወረቀቱንም በሣጥን እናስቀምጣለን። ከታች ባለው ክፍል ደግሞ ሕፃናቱ መምህር አጥተው ሲበተኑ እናያለን። ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከእንግዲህ የኮርስ ምስክር ወረቀት የሚቀበል ወጣት ሁሉ ራሱ ያስተማረውን አንድ ሕፃን በእጁ ይዞ ይቅረብ። ሕፃኑ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ይበል፣ ወይም አንድ መዝሙር ከነትርጓሜው ያስረዳ። ያን ጊዜ ወረቀቱ ለሁለት ሰዎች ይመሰክራል። ሕፃኑም አድጎ በተራው ሌላውን ይዞ ይመጣል።

የምናውቀውን ለማያውቀው የምናካፍል እንድንሆን የአምላካችን ቸርነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።