የተንኮል አባት የተባለው ሰው

በእኛ ዲፓርትመንት ማኪያቬሊ የሚለው ስም ከስድብ ተራ ከገባ ቆይቷል። የግሩፕ ሥራ ላይ አንዲት ገጽ ሳይጽፍ በማቅረቢያው ቀን ከረባት አስሮ ፊት ፊት የሚል ልጅ ማኪያቬሊ ይባላል። በክበብ ምርጫ ለሁለቱም ተወዳዳሪ ድምፄ ያንተ ነው የሚልም ማኪያቬሊ ነው። ተመርቀው ሥራ የያዙ ልጆች ሊጠይቁን ሲመጡ አለቃቸውን የሚያሙት በዚሁ ስም ነው። እኔም እንደ ማንም ሰው ስሙን በዘፈቀደ ስጠራ ኖሬ፣ ለፖለቲካ ፍልስፍና ኮርስ የሰውየውን ሕይወት ማንበብ ግድ ሲሆንብኝ ግራ ገባኝ። ያነበብኩት የተንኮለኛ ታሪክ አልነበረም። ተንኮልን በቅርብ ሲያይ የኖረ፣ ራሱ ግን ለጥቅሙ ሊያውለው ያልቻለ የአንድ ቢሮ ሠራተኛ ታሪክ ነው። እስቲ አብረን እንየው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒኮሎ ማኪያቬሊ በ1469 በኢጣሊያ ፍሎረንስ ከተማ ተወለደ። አባቱ በርናርዶ ሕግ የተማረ፣ መጽሐፍ የሚወድ፣ ገንዘብ ግን ያልነበረው ሰው ነው። ያኔ ኢጣሊያ ዛሬ እንደምናውቃት አንድ አገር አልነበረችም። ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሚላን፣ ኔፕልስና የሮማው ጳጳስ ግዛት እርስ በርስ ይናከሳሉ፤ ከውጭ ደግሞ ፈረንሳይና ስፔን ያንዣብባሉ። ፍሎረንስን ለረጅም ጊዜ ከጀርባ ሲገዛ የኖረው የሜዲቺ ቤተሰብ በ1494 ተባረረና ከተማዋ በሪፐብሊክ መተዳደር ጀመረች። ከአራት ዓመት በኋላ ማኪያቬሊ በ29 ዓመቱ የሁለተኛው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

ሹመቱ ትልቅ ይምሰል እንጂ ሥራው ልፋት ነበር። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሪፖርት ያነባል፣ ወደ ነገሥታቱና ወደ መሳፍንቱ እየተላከ ወሬ ያጠናቅራል። ሙሉ አምባሳደር እንዳይባል የቤተሰቡ ደረጃ አይፈቅድም፤ ስለዚህ መልእክተኛ ነው። ከየሄደበት ከሚልካቸው ሪፖርቶች ጋር ገንዘብ አለቀብኝ፣ ፈረሱ ከሳብኝ፣ አበሌን ላኩልኝ የሚል ልመና አይጠፋም ነበር። የመስክ ሥራ ወጥቶ አበል የዘገየበት ሰው ሁሉ ይህን ሲያነብ ሳይወደው አይቀርም።

የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ግን በ1502 መገባደጃ ወደ ቼዛሬ ቦርጂያ የተላከበት ጉዞ ነው። ቦርጂያ የጳጳሱ የአሌክሳንደር ስድስተኛ ልጅ ነው። (አዎ፣ የጳጳስ ልጅ፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር።) በአባቱ ድጋፍ መካከለኛውን ኢጣሊያ እየጠቀለለ ሳለ፣ በገንዘብ የቀጠራቸው የጦር አለቆች ተራው የእኛ ነው ብለው ፈሩና አደሙበት። ቦርጂያ ያን ጊዜ ጉልበት አልነበረውም። ስለዚህ አልተቆጣም። አስታረቃቸው፣ ገንዘብ ሰጣቸው፣ የሆነውን ሁሉ ረስቻለሁ አላቸው። በጎን ግን ሌላ ጦር እያሰባሰበ ነበር። ታኅሣሥ 31 ቀን 1502 ሲኒጋሊያ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። አለቆቹ ወታደሮቻቸውን ከከተማው ውጭ አሰናብተው ሊቀበሉት ወጡ። እሱም በፈገግታ ሰላምታ ሰጥቶ እያጫወተ ወደ ማረፊያው ይዟቸው ገባ፤ ከዚያም አስያዛቸው። ከመካከላቸው ቪቴሎዞ ቪቴሊና ኦሊቬሮቶ በዚያው ሌሊት ታነቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ኦሊቬሮቶ ከአንድ ዓመት በፊት ያሳደገውን የገዛ አጎቱን ግብዣ ላይ ጠርቶ ከነተከታዮቹ ያስገደለና ፌርሞ የምትባለውን ከተማ የወሰደ ሰው ነው። አጎቱን በማዕድ ያታለለ ሰው፣ ራሱ በፈገግታ ተታለለ። ማኪያቬሊ ይህን ሁሉ ከቦርጂያ ጋር እየተጓዘ ተመለከተ፤ በኋላም ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን እርምጃ ጻፈው። ሲጽፍ አያለቅስም፣ አይረግምምም። አንድ መካኒክ የተፈታ ሞተር እንደሚያይ ነው ያየው።

ብዙ ጊዜ የምንረሳው የነገሩ ማብቂያ ደግሞ እነሆ። በ1503 ጳጳሱ ሞተ። ልጁም በዚያው ሰሞን በጠና ታሞ ነበር። አዲስ ጳጳስ ሲመረጥ ቦርጂያ የቤተሰቡ የቆየ ጠላት የነበረውን ዩልዮስ ሁለተኛን ደገፈ፤ ለምን ቢባል ሹመትህ አይነካም የሚል ተስፋ ስለተሰጠው። ያ የሌላውን ቃል ሲያጥፍ የኖረ ሰው የሌላውን ቃል አመነ! ዩልዮስ ከተመረጠ በኋላ ቃሉ ቀረ። ቦርጂያ ታሰረ፣ ወደ ስፔን ተጋዘ፣ በ1507 በአንድ ተራ ውጊያ ላይ ሞተ። ማኪያቬሊ ያን ጊዜም ሮም ነበርና ይህንን ውድቀትም በዓይኑ አይቷል።

ወደ ራሱ እንመለስ። ማኪያቬሊ ቅጥረኛ ወታደር አይታመንም ብሎ ከገበሬው የተውጣጣ የፍሎረንስ ጦር እንዲቋቋም ወተወተ፤ በ1506ም ተሳካለት። በ1512 ግን የስፔን ጦር ፕራቶ ላይ ሲመጣ የማኪያቬሊ ጦር ተበተነ፣ ከተማዋም ተዘረፈች። የሪፐብሊኩ መሪ ፒዬሮ ሶደሪኒ ሸሸ፤ ሜዲቺዎች ተመለሱ። በኅዳር ወር ማኪያቬሊ ከሥራ ተባረረ። ለአንድ ዓመት ከፍሎረንስ ግዛት እንዳይወጣ ታገደ፣ 1000 ፍሎሪን ዋስ ጥራ ተባለ። በእጁ ያለፈው የመንግሥት ገንዘብ ሂሳብም ተመረመረ። ለጦሩ ደሞዝ ብዙ ገንዘብ ያለፈበት ሰው ነው፤ ሆኖም የጎደለ ነገር አልተገኘበትም። እንግዲህ የተንኮል አባት የምንለው ሰው ይሄ ነው። ባለሥልጣን በወረደ ማግስት ኦዲት እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ከኦዲቱ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣው ስንቱ እንደሆነም እናውቃለን።

መከራው በዚህ አላበቃም። በ1513 መጀመሪያ ሜዲቺዎችን ለመግደል አሲረዋል የተባሉ ሰዎች ሲያዙ አንድ የስም ዝርዝር ተገኘ። ውስጡ የእሱም ስም ነበር። አሰሩት። እጆቹን ወደ ኋላ አስረው በገመድ ወደ ላይ ስበው በድንገት ይለቁት ነበር፤ ይህን ስድስት ጊዜ አደረጉበት። ምንም አላመነም፤ የሚያምነውም ያለው አይመስልም። ሁለት ሰዎች አንገታቸው ተቀላ። እሱ ግን አንዱ ሜዲቺ ሊዮን አሥረኛ ተብሎ ጳጳስ ሲሆን በተደረገው ምሕረት ተፈታ።

ከዚያ ከከተማው ወጣ ብላ ወደምትገኝ የቤተሰቡ እርሻ ገባ። ለጓደኛው ለፍራንቼስኮ ቬቶሪ በዚያው ዓመት በላከው ደብዳቤ ውሎውን ይተርካል። ጠዋት ከእንጨት ቆራጮች ጋር ይጨቃጨቃል፣ ከሰዓት መጠጥ ቤት ከወፍጮ ባለቤቱና ከሥጋ ሻጩ ጋር ካርታ ይጫወታል፣ በሳንቲም ይጣላል። ሲመሽ ግን ጭቃ የነካውን ልብስ አውልቆ የክብር ልብሱን ይለብስና የጥንት ደራስያንን ሊያነጋግር ወደ መጻሕፍቱ ይገባል። “ልዑሉ” የተሰኘችው ባለ 26 ምዕራፍ መጽሐፍ እንደዚያ ተወለደች። ገዥ እንደ ቀበሮም እንደ አንበሳም መሆን እንዳለበት፣ ቃሉን መጠበቅ የሚጎዳው ሲሆን ማጠፍን ማወቅ እንዳለበት የጻፈባት ይህቺው ናት።

ለማን ጻፋት? ለሜዲቺዎች ነው፤ ላሰሩት ሰዎች። ሥራ ፈልጎ ነው። በኋላም ለወጣቱ ሎሬንዞ ሜዲቺ መታሰቢያ አደረጋት። ሥራው ግን አልመጣም። እዚህ ላይ የእኔን አስተያየት ልጨምር። በእውነት ተንኮለኛ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ የሥራ ማመልከቻ አይጽፍም። ተንኮለኛ ስለ ታማኝነት ነው የሚጽፈው፤ ሲቪው ላይ ሐቀኛ ነኝ ይላል። ማኪያቬሊ ግን ለቀጣሪው፣ ማታለል እንዴት እንደሚሠራ በደንብ አውቃለሁ ብሎ ወረቀቱን አስረከበ። ማን ደፍሮ ቢሮው ያስቀምጠዋል?

በሕይወቱ ሠርቶት ካገኘሁት ተንኮል ሁሉ የሚያስቀው የ1521ዱ ነው። ፍሎረንስ ለፍራንሲስካውያን መነኮሳት ጉዳይ ካርፒ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ላከችው። የሱፍ ነጋዴዎች ማኅበርም በዚያው ለዐቢይ ጾም የሚሰብክ መነኩሴ ፈልግልን አለው። ከነገሥታት ጋር ሲደራደር ለኖረ ሰው ውርደት ነው። በአቅራቢያው ሞዴናን የሚያስተዳድረው ወዳጁ ፍራንቼስኮ ጉይቻርዲኒ ነበርና ሁለቱ ተመካከሩ። ጉይቻርዲኒ በፈረስ የሚጋልብ መልእክተኛ ላከለት፤ መልእክተኛውም እስከ መሬት ጎንበስ ብሎ ደብዳቤውን ሰጠ። መነኮሳቱና ቤተኞቹ ይህ ሰው ምን ያህል ትልቅ ነው ብለው ተንጫጩ። ማኪያቬሊም ስለ ንጉሠ ነገሥቱና ስለ ፈረንሳይ ንጉሥ ትልቅ ምስጢር እንደያዘ ሰው እየተኮፈሰ ያወራላቸው ጀመር። ትርፉ ጥሩ ምግብና ጥሩ አልጋ ነበር! እሱንም ብዙ አልቆየበትም፤ ያሳረፈው ሰው ነገሩን መጠራጠር ስለጀመረ ጨዋታውን ማቆም ነበረባቸው። ስሙ ለዓለም ተንኮል ሁሉ መጠሪያ የሆነው ሰው፣ በአንድ የካርፒ ባለ ቤት ሊነቃበት ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሜዲቺዎች ትንሽ ቀረብ አደረጉት። በ1520 የፍሎረንስን ታሪክ እንዲጽፍ ተዋዋሉት፤ በ1525 ጽፎ ለጳጳሱ ለክሌመንት ሰባተኛ አቀረበ። ይህችው ትንሽ ሥራ ናት ጣጣ ያመጣችበት። በግንቦት 1527 የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሮምን ሲዘርፍ የፍሎረንስ ሰዎች ሜዲቺዎችን እንደገና አባረሩና ሪፐብሊኩ ተመለሰ። ማኪያቬሊ 14 ዓመት ያገለገለበትን የድሮ ቢሮውን ተስፋ አደረገ። አዲሶቹ ሰዎች ግን የሜዲቺ እንጀራ የበላ ነው ብለው ጠረጠሩት፤ ቦታውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሜዲቺዎች የሪፐብሊክ ሰው ነው ሲሉት ኖረው፣ ሪፐብሊኩ የሜዲቺ ሰው አለው።

ብዙም ሳይቆይ ሰኔ 21 ቀን 1527 በ58 ዓመቱ ሞተና በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ያቺ ሥራ ያላስገኘችለት መጽሐፍ በማተሚያ ቤት የታተመችው እሱ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1532 ነው። በ1559 የሮማ ቤተ ክርስቲያን ጽሑፎቹን ሁሉ ከለከለች። መቃብሩ ላይ ሐውልት የቆመለት ደግሞ በ1787፣ ከሞተ 260 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።