ሎርድ ኬልቪን፤ የሙቀት ሊቅና የመምህራን አርአያ

ውሃ ከደጋ ወደ ቆላ እንደሚወርድ ሁሉ ሙቀትም ከሞቀው ነገር ወደ ቀዘቀዘው ይፈስሳል እንጂ በራሱ ኃይል ወደ ኋላ አይመለስም። ይህን የተፈጥሮ ሕግ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ስሙ ሎርድ ኬልቪን ነው።

ቶምሰን በ1824 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአየርላንድ፣ በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። አባቱ የሒሳብ መምህር ስለ ነበር ልጆቹን ራሱ አስተማረ። ቤተ ሰቡ ወደ ስኮትላንድ ከተዛወረ በኋላ ዊልያም ገና በ10 ዓመቱ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከዚያም በኬምብሪጅ ተምሮ፣ በፓሪስም በሬኞ ቤተ ሙከራ የሙቀትን አለካክ በጥንቃቄ አጥንቶ፣ በ1846 በ22 ዓመቱ በግላስጎው የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያ ወንበር 53 ዓመት ሲያስተምር፣ ደቀ መዛሙርቱ በቃል ብቻ እንዳይማሩ ቤተ ሙከራ አቋቁሞ በገዛ እጃቸው እንዲለኩ አደረገ።

በ1852 አንድ አዲስ አሳብ አቀረበ። ነዳጅ በምድጃ ቢነድ የራሱን ሙቀት ብቻ ይሰጣል፤ ነገር ግን ያው ነዳጅ ሞተር ቢያንቀሳቅስና ሞተሩ ከውጭው ቀዝቃዛ አየር ሙቀት እየሳበ ወደ ቤት ቢያስገባ፣ ቤቱ የሚያገኘው ሙቀት ከተደከመው ሥራ እጅግ ይበልጣል። ዛሬ ሂት ፓምፕ የሚባለው መሣሪያ የተመሠረተው በዚሁ አሳብ ላይ ነው። በ1938 የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንፃ ከሊማት ወንዝ ውሃ በተሳበ ሙቀት መሞቅ ጀመረ። በየቤታችን ያለው ማቀዝቀዣም የዚሁ መሣሪያ የሥጋ ዘመድ ነው።

ኬልቪን አሳብ አፍላቂ ብቻ ሳይሆን የብልሽትም መርማሪ ነበር። በ1858 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ መልእክት ማስተላለፍ ሲያቅተው፣ የኩባንያው የኤሌክትሪክ ሹም ብርቱ ኃይል ላከበት፤ ሽቦውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጨርሶ ዝም አለ። ኬልቪን ግን ደካማ ኃይል ልኮ፣ እጅግ ጥቂቱን ኤሌክትሪክ እንኳ በመስተዋት ብርሃን የሚያሳይ መለኪያ መጠቀምን መረጠ። በ1866 ለተዘረጋው ሽቦ መሳካት ይህ መንገድ ብዙ ረዳ።

ይኸው ሥርዓት ለሂት ፓምፕም ይሠራል። መሣሪያው ቤቱን ማሞቅ ቢሳነው፣ ችኩል ሠራተኛ ወዲያውኑ ጋዝ ይጨምርበታል። ነገር ግን በውስጡ የሚዞረው ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለና እርሱ ሳይደፈን መሙላት ከንቱ ድካም ነው። ብልህ ሠራተኛ ግን አስቀድሞ የአየር ማጣሪያው በአቧራ አለመታፈኑን፣ የውጭው ክፍል በቅጠል ወይም በማይቀልጥ በረዶ አለመሸፈኑን ይመለከታል። ቀጥሎም የሚገባውንና የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ይለካል፤ የጋዙን ግፊትም ይመረምራል። ከዚያ በኋላ ብቻ መፍቻውን ያነሣል።

ኬልቪን በ1899 ማስተማሩን ሲተው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስሙን በተመራማሪ ተማሪነት አስመዘገበ። በ1907 ዐርፎ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በኒውተን አጠገብ ተቀበረ። ስሙም የሙቀት መለኪያ ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ እኛ መምህራን ለተማሪዎቻችን የመሣሪያን ስምና ክፍል ብቻ አስተምረን ብንሰዳቸው፣ መሣሪያው በተሰናከለ ቀን ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ። መለኪያውን አስቀድመን በእጃቸው ብናኖርላቸው ግን ያላየነውን መሣሪያ እንኳ ይጠግኑልናል።