ማርቲን ፍላድና ማንም ያልፈረመው ዋስትና

ሕግ ያጠናሁ ሰው ነኝና የታሪክ መጽሐፍ ሳነብ እንኳ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው ማን ከማን ጋር ተዋዋለ፣ ማንስ ለማን ዋስ ሆነ በሚለው ላይ ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስና ስለ አውሮፓውያን እስረኞቻቸው የተጻፈውን ባገላበጥኩ ቁጥር ልቤን የሚይዘው ታዲያ ቆንስላው ካሜሮን ወይም ጄኔራል ናፒየር አይደለም። ደምቢያ ውስጥ ጀንዳ በምትባል መንደር ቤት ሠርቶ የኖረው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ማርቲን ፍላድ ነው። (የምጠቅሳቸው ዘመናት ዓ.ም. ካልተባሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍላድ በ1831 በደቡብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ ተወለደ። ባዝል አጠገብ በሚገኘው የቅዱስት ክሪሾና የሚሲዮን ተቋም ሠለጠነ። የዚያ ተቋም ሰዎች ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር አጣምረው የሚወጡ ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ የመላካቸውን ሐሳብ ያፈለቀው በ1830 ጎንደር ተቀምጦ የነበረውና በኋላ በኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት ነው። ፍላድ በ1855 ከክራፕፍ ጋር መጥቶ፣ በዚያው ዓመት የካቲት ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡትን ዐፄ ቴዎድሮስን አገኘ። ንጉሡ ባለሙያዎቹ ይምጡ አሉ።

እኔ እንደሚመስለኝ የነገሩ ሁሉ ጣጣ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ወገኖች የተስማሙት ባለ እጅ በሚል አንድ ቃል ነበር። ጎባት በዚያ ቃል ውስጥ ያየው እየሠራ የሚሰብክ ሰው ሲሆን፣ ንጉሡ ደግሞ ያዩት መንገድ የሚቀይስና መድፍ የሚያቀልጥ ሰው ነበር። ውል ስንዋዋል ቃሉ አንድ፣ ሐሳቡ ሁለት ሲሆን ምን እንደሚከተል የፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል።

ፍላድ በ1856 ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ተመልሶ መጣ። ከኢየሩሳሌም ፓውሊን ኬለር የተባለች አስታማሚ አገባ። እነ ዋልድማየርና ዛልሙለር ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የንጉሡ የብረት ሥራ ሰዎች ሲሆኑ፣ ፍላድ ግን በቤተ እስራኤል መካከል ሊያስተምር ደምቢያ ላይ ቀረ። ከ1860 በኋላም ከለንደን ማኅበር ከተላከው ከሄንሪ ስተርን ጋር አብሮ ሠራ። ፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ነበረበት፤ የሚያምኑት ሁሉ የሚጠመቁት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን ሚሲዮናውያኑ ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ይታወቃል። ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ላይ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በ1863 ስተርን፣ በ1864 መጀመሪያ ደግሞ ቆንስላው ካሜሮን ታሰሩ። እስረኞቹን ሊያስፈታ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳምም በ1866 ራሱ እስረኛ ሆነ።

ፍላድን ለታሪክ ያበቃው ይኸው ዓመት ነው። ንጉሡ እንግሊዝ ሄዶ ባለሙያዎችንና የሥራ መሣሪያዎችን ይዞ እንዲመጣ በሚያዝያ ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን በመያዣነት ቀሩ። ፍላድ ለንደን ደረሰ፣ ንግሥቲቱም ዘንድ ቀረበ። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎች ቀጥሮ፣ ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ ላከ። ነገር ግን ፍላድ ገና መንገድ ላይ ሳለ ራሳምና ሌሎቹ እስረኞች ወደ መቅደላ ተወስደው እግራቸው በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ጎንደርም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በንጉሡ ሠራዊት ተዘርፋ ተቃጠለች።

እንግሊዞች መጀመሪያ እስረኞቹ ባሕር ዳርቻ ይድረሱ አሉ። ንጉሡ መጀመሪያ ባለሙያዎቹ ይውጡልኝ አሉ። እኛ የሕግ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጉዳይ እናውቀዋለን፤ ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ግዴታ ሌላው ሳይፈጽም አንፈጽምም ሲሉ መሐላቸው የሚታመን ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ግን በመሐል የነበረው ፍላድ ብቻ ነው፤ የእሱም ቤተሰብ በአንደኛው ወገን እጅ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ምጽዋ ላይ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ባለሙያዎቹ ሳይወጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፍላድ ግን በ1867 የጸደይ ወራት ደገኛውን አገር ወጥቶ ወደ ንጉሡ ተመለሰ፤ ይዞት የሄደውም ባለሙያ ሳይሆን እስረኞቹ ካልተለቀቁ ጦርነት እንደሚመጣ የሚናገር መልእክት ነበር። ቤተሰቡን ተቀላቀለ፣ ከእነሱም ጋር ምርኮኛ ሆነ። የጋፋት ሰዎች ሴባስቶፖልን አቅልጠው ሠራዊቱ እስከ መቅደላ ሲጎትተው አውሮፓውያኑም አብረው ተጓዙ። ከአሮጌው ጦርነት ማግስት ንጉሡ ወደ ናፒየር ሰፈር ከላኳቸው አማላጆች አንዱ ፍላድ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፣ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ።

ፍላድ ከዚያ በኋላ ጀርመን፣ ኮርንታል ላይ ተቀምጦ የደምቢያውን ሥራ በደብዳቤ ይመራ ነበር። ሥራውን መሬት ላይ የያዙት ግን ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ በተለይም ክሪሾና ተምሮ በ1873 የተመለሰው ሚካኤል አረጋዊ። በ1888 መሐዲስቶች ጎንደርንና ደምቢያን ሲያቃጥሉ፣ ቀጥሎም ክፉ ቀን ሲመጣ መከራውን የቀመሱት እነሱ ነበሩ። ፍላድ በ1915 በአገሩ ዐረፈ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በግምት አይኖርም፣ በግልጽ መሰጠት አለበት ይላል፤ የሚደርስበትም መጠን ይወሰን ዘንድ ያዛል። ፓውሊንና ልጆቿ ምንም አልፈረሙም። የደምቢያ አማኞችም አልፈረሙም። ዕዳው ግን የመጣው በእነሱ ላይ ነው።

ንጉሡን ብቻ መውቀስ አልሻም። አገራቸውን በሙያ ለማሳደግ የተመኙ፣ ለጻፉት ደብዳቤ መልስ የተነፈጉ ሰው ነበሩ። ግን ቁጣቸው ያረፈው ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ በከተተው ባለሥልጣን ላይ ሳይሆን እጃቸው ላይ በነበረው እንግዳ ላይ ነው።

ዛሬም በየዓመቱ ከውጭ የበጎ ፈቃድ ሠራተኞች ሲመጡ እንቀበላለን፤ ትምህርት ቤት ይቀባሉ፣ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ዓይን ያክማሉ። መልካም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል እንደሆነው አገር ሲታወክ ግን እንግዳው የመመለሻ ትኬት አለው፤ አስተናጋጁ፣ አስተርጓሚውና የጥበቃ ሠራተኛው የላቸውም። ስለዚህ እንግዳ ከመጋበዛችን በፊት፣ ነገር ሲበላሽ ዋሱ ማን እንደሆነ በግልጽ እንነጋገር እላለሁ። ፍላድን የማከብረውም በስብከቱ አይደለም፤ መቅረት ሲችል ሳይጠየቁ ዋስ ወደተደረጉት ሰዎች በመመለሱ ነው።