ሌቭ ላንዳው እና በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ የሚቀሩት አዙሪቶች

አንድ ሱፐርኮንዳክተር በዝግታ ሲቀዘቅዝና በቅጽበት ሲቀዘቅዝ የሚደርስበት ሁኔታ አንድ አይደለም። ቅዝቃዜው ፈጣን ከሆነ፣ ከውጭ የሚመጣ ማግኔታዊ መስክ ባይኖርም እንኳ፣ በውስጡ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰት አዙሪቶች ተፈጥረው ሊቀሩ ይችላሉ። ይህን ክስተት ለማስረዳት የምንጠቀምበትን ጽንሰ ሐሳብ መሠረት የጣለው የሶቪየት ኅብረቱ የፊዚክስ ሊቅ ሌቭ ላንዳው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሊቁን ሕይወት ከዚህ አንጻር ይቃኛል፤ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላንዳው ጃንዋሪ 22 ቀን 1908 በባኩ ከተማ ከነዳጅ መሐንዲስ አባትና ከሐኪም እናት ተወለደ። በ14 ዓመቱ ባኩ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1927 ትምህርቱን በሌኒንግራድ ፈጸመ። ከዚያም ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተጉዞ በኮፐንሃገን ከኒልስ ቦር ዘንድ ቆየ። በ1932 በካርኮቭ የሚገኘው የዩክሬን የፊዚክስና የቴክኒክ ተቋም የንድፈ ሐሳብ ክፍል ኃላፊ ሆነ። የተቋሙን የዝቅተኛ ሙቀት ቤተ ሙከራ ይመራ የነበረው ደግሞ ወዳጁ ሌቭ ሹብኒኮቭ ነበር።

1937 ለሁለቱም ወሳኝ ዓመት ሆነ። ላንዳው ቁስ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ የሚሸጋገርበትን ሂደት የሥርዓት መለኪያ በሚባል መጠን ገለጸ፤ ይህ መጠን ከሽግግሩ ሙቀት በላይ ዜሮ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ግን ዋጋ ያገኛል። ሹብኒኮቭና ባልደረቦቹ በበኩላቸው በእርሳስ ቅይጦች ላይ ባደረጉት ልኬት፣ ማግኔታዊ መስክ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ቅይጡ ሱፐርኮንዳክተርነቱን ሳያጣ እንደሚቆይ አሳዩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሹብኒኮቭ በመንግሥት ተገደለ። ወደ ሞስኮ የተዛወረው ላንዳውም በኤፕሪል 1938 ታሰረ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የተፈታው ፒዮትር ካፒትሳ ዋስ ሆኖለት ነው።

በ1950 ላንዳው ከቪታሊ ጊንዝበርግ ጋር የሥርዓት መለኪያውን ለሱፐርኮንዳክተር ተረጎመው። በዚህ ጊዜ መለኪያው መጠን ብቻ ሳይሆን ማዕዘንም ነበረው። ደቀ መዝሙሩ አሌክሲ አብሪኮሶቭ ከዚሁ ቀመር ተነሥቶ፣ መስኩ ወደ ቅይጦች የሚገባው በአዙሪቶች መልክ መሆኑን አሰላ። አብሪኮሶቭ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ላንዳው ውጤቱን ስላልተቀበለው ሥራው ሳይታተም ቆይቶ በ1957 ወጣ። ስሌቱም ከሹብኒኮቭ ልኬት ጋር ተስማማ። በአንድ ተቋም የሠሩት የሁለቱ ወዳጆች ሥራ የተገናኘው ከ20 ዓመት በኋላ ነበር፤ ሹብኒኮቭ ግን ይህን ለማየት አልታደለም።

ላንዳው ጃንዋሪ 7 ቀን 1962 በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ። በዚያው ዓመት፣ በተለይ በፈሳሽ ሂሊየም ላይ ስላደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ቢያገኝም ወደ ምርምር ሳይመለስ ኤፕሪል 1 ቀን 1968 ዐረፈ።

የፈጣን ሽግግር ጥያቄ የተነሣው ከሞቱ በኋላ ነው። ቶም ኪብል በ1976 ስለ ጥንተ ዓለም፣ ቮይቼክ ዙሬክ ደግሞ በ1985 ስለ ፈሳሽ ሂሊየም ሲጽፉ ከላንዳው መለኪያ ተነሡ። ሙቀቱ ወደ ሽግግሩ ነጥብ ሲቃረብ ቁሱ ለለውጥ ምላሽ ለመስጠት የሚወስድበት ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። ቅዝቃዜው ከዚህ ከፈጠነ፣ የተራራቁ የቁሱ ክፍሎች ሳይስማሙ የየራሳቸውን ማዕዘን ይይዛሉ። በክፍሎቹ መገናኛ ዙሪያ ማዕዘኑ ሙሉ ዙር ከዞረ፣ መካከል ላይ መለኪያው ዜሮ መሆን ግድ ይሆንበታል፤ አዙሪት የሚባለውም ይህ ነው። ቅዝቃዜው በፈጠነ ቁጥር ክፍሎቹ ያንሳሉ፣ አዙሪቶቹም ይበዛሉ። በሱፐርኮንዳክተር እያንዳንዱ አዙሪት 2.07×10⁻¹⁵ ዌበር ማግኔታዊ ፍሰት ይይዛል። በ2003 በሃይፋ የቴክኒዮን ተመራማሪዎች በፍጥነት በቀዘቀዙ ስስ የሱፐርኮንዳክተር ሽፋኖች ውስጥ በራሱ የተፈጠረ ፍሰት መዝግበዋል። ሆኖም የመስኩ የራሱ የሙቀት መዋዠቅም አዙሪት ሊፈጥር ስለሚችል፣ የሁለቱን ድርሻ መለየት የተመራማሪዎች ተግባር ሆኖ ቀጥሏል።

ከላይ እንደ ታየው፣ ላንዳው የአዙሪትን ሐሳብ ራሱ ለመቀበል ቢዘገይም፣ የአዙሪቶችን አፈጣጠር ዛሬም የምናሰላው በ1937 ባበረከተው መለኪያ ነው።